ወርቂቱ እጅ ላይ ከመውጣቷ በፊት

ወርቂቱ መንዝ፣ መሃል ሜዳ የገባችው ክረምቱ በከበደበት ሰሞን ነው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በነጠላ የተሸፈነ፣ ዝገት የበላው የሽቦ ቤት አንጠልጥሎ ከመኪና ወረደ። አክስቴ ነጠላውን ገለጥ ቢያደርጉ አንዲት ወፍ ጥግ ላይ ተወሽቃ አፈጠጠችባቸው። አረንጓዴ ላባዋ ደብዝዟል፤ ደረቷ ተነጭቶ ቆዳዋ ይታያል። ግንባሯና ጉንጯ ግን ደማቅ ቢጫ ነው። «ኧረ ይቺስ ወርቅ ተቀብታ ነው የመጣችው!» አሉ። ስሟ በዚያው ወርቂቱ ሆኖ ቀረ።

ልጁ እንደነገረን፣ ወርቂቱ ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተሰቅላ ኖራለች። ግሮሰሪው ሲዘጋ የሚወስዳት ጠፋ፤ እሱም አንጀቱን በላችውና ይዟት መጣ። የሲጋራ ጭስ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የማያቋርጥ ዘፈን፣ በሽቦው መሃል ጣቱን እያስገባ የሚጎነትላት ጠጪ፤ ቤቷ ሲጸዳ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ መጨበጥ። የሰው እጅ ማለት ለእሷ ይኸው ነበር። ደረቷን የነጨችውም ራሷ ናት። በቀቀን ጭንቀት ሲበዛባት የገዛ ላባዋን ትነጫለች።

በቀቀን ሲባል ብዙዎቻችን ከባሕር ማዶ የመጣ ወፍ ይመስለናል። ወርቂቱ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት። ባለቢጫ ግንባሯ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ዓለም አትገኝም፤ ኑሮዋ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ባለበት የደጋ ጫካ ነው። ከእሷ አነስ የምትለው፣ ወንዱ በቀይ ግንባሩ የሚለየው ባለጥቁር ክንፍ በቀቀንም ያለችው በእኛና በኤርትራ ብቻ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ በመሆኔ፣ ሜዳችንም ዛፍ የራቀው በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ሁለቱንም በቅርብ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ወስደን ጫካ አንለቃትም?» አልኳቸው።

«የት ትግባ ልጄ? ክንፏን እየው እስቲ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ክንፏን ስትዘረጋ እንኳ ሚዛኗን መጠበቅ ያቅታታል። ምግብ ፈልጋ፣ ከጭልፊት ተሸሽጋ፣ ከመንጋ ተቀላቅላ መኖር የምትችልበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ ከእኛው ጋር ልትኖር ሆነ። ከሰው ጋር የምትኖር ወፍ ደግሞ ጥፍሯ የሚቆረጥበት፣ ቤቷ የሚጸዳበት፣ ስትታመም የምትታይበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ሁሉ በጨርቅ ታፍና ከምትያዝ ወድዳ እጅ ላይ ብትወጣ አይሻልም? ነገሩን የጀመርነው ከዚህ ሐሳብ ተነሥተን ነው።

ጎረቤቶች አላመኑም። «ጫጩት ብትሆን እሺ፤ ያረጀች ወፍ ምን ትለምዳለች?» አሉ። አክስቴ ግን የወርቂቱን ፍርሃት ገና በመጀመሪያው ሌሊት ተረድተውት ነበር። ብርድ እንዳይገባት ብለው የሽቦ ቤቱን በባና ሊሸፍኑ ሲቀርቡ ወፏ ከዳር ዳር እየተላተመች ጩኸቷን አቀለጠችው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉና ባናውን መለሱት። በማግስቱ ያንኑ ባና ከሽቦ ቤቱ ኋላ ግድግዳው ላይ ሰቀሉላት። ንፋሱም ቆመ፣ እሷም ጨርቁ እንደማይነካት አይታ ተኛች። ከማድ ቤት አርቀውም መስኮት አጠገብ አስቀመጧት፤ የኩበት ጭስ የወፍ ሳንባ ቶሎ ይጎዳል። ቡና ሲፈላም ዕጣኑ ወደ ሌላኛው ክፍል ተዛወረ።

እኔ በዚያን ዘመን ጓሳ ላይ የጭላዳ መንጋ ከሚከታተሉ ተመራማሪዎች ጋር እሠራ ነበር። ጓሳ፣ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈተ ያቆየው፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የደጋ ሣር ነው። የጭላዳ ጥናት እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጭላዳን በቅርብ ለማጥናት መጀመሪያ ሰው ማስለመድ ያስፈልጋል፤ እኔም ሥራውን የተማርኩት ከእነሱ ነው። ልጅ ሳለሁ ገብስ ስጠብቅ ጭላዳን የማውቀው በወንጭፍ ነበር። ጓሳ ላይ ግን ወንጭፍ የለም፣ ማሯሯጥ የለም። መንጋው ሲያይህ ትቆማለህ። ሲሸሽ አትከተልም። ዓይን ለዓይን አትተያይም፤ ጭላዳ ሲቆጣ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የገረጣውን የዓይኑን ቆብ ያሳይሃል፣ ያኔ ፊትህን ታዞራለህ። ምግብም አትሰጥም፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ ከገበሬ ጋር ይጣላል። ተቀምጠህ ትውላለህ፣ በነጋታው ትመለሳለህ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው በአጠገብህ እያለፉ ሣር ሲነቅሉ ትሰማለህ።

ቀይ ቀበሮም ይህን ያውቃል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብሎ ሲረማመድ፣ ግልገሎቹን ሳይነካ አይጥ ሲያድን አይቻለሁ። እዚያው የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ከጭላዳ ጋር ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ይህ አውሬ መንጋው መሃል ገብቶ ቢያሯሩጠው ኖሮ ያንን ሁሉ ጥቅም ያጣው ነበር። ወርቂቱ ፊት ስቀመጥ ብዙ ጊዜ የሚታወሰኝ እሱ ነው።

ከጓሳ ስመለስ ከሽቦ ቤቱ ራቅ ብዬ፣ ፊቴን ሳይሆን ጎኔን ሰጥቻት እቀመጥና መጽሐፍ አነባለሁ። ወፏን ማንበብ የተማርኩትም እዚያው ነው። ላባዋን ከገላዋ ለጥፋ ቅጥን ካለች ፈርታለች። የዓይኗ ብሌን ጠበብ ሰፋ፣ ጠበብ ሰፋ ካለ ደሟ ፈልቷል፤ ያኔ እጅ ማስጠጋት ንክሻ መለመን ነው። ላባዋን ነፋ አድርጋ አንድ እግሯን ሆዷ ሥር ከሸጎጠች ግን ተረጋግታለች። ሲመሽ መንቆሯን እያፋጨች የምታሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ አለ፤ እሱን የሰማሁ ምሽት ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ከጭላዳ የሚለየው ነገር፣ ለወፏ ምግብ መሰጠቱ ነው። የምትወደው የሱፍ ፍሬ ነበር፤ ስለዚህ ሱፍ ከዘወትር ምግቧ ወጥቶ ለዚህ ሥራ ብቻ ተቀመጠ። መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ጣል አድርጌ እርቅ ነበር። ቆይቶ ፍሬውን በሁለት ጣቴ ይዤ በሽቦው መሃል አሳያታለሁ፤ ካልመጣች ስኒው ውስጥ ትቼላት እሄዳለሁ። አንድ ቀን አንገቷን እስኪቀጥን መዝዛ፣ እግሯን ካለችበት ሳታነቃንቅ፣ ፍሬውን ከጣቴ ጫፍ ቀስ ብላ ወሰደችው። በምላሷ አገላብጣ ቅርፊቱን ለሁለት ሰነጠቀችና ጣለች፤ ውስጡን በልታ እንደገና አየችኝ።

ቀጥሎ በትር መጣ። እጅን የምትፈራ ወፍ እንጨት አትፈራም፤ ኑሮዋ እንጨት ላይ ነው። ከጓሳ የደረቀ የአስታ ቅርንጫፍ አምጥቼ ልጣጩን ሳልነካ የሽቦ ቤቱን በር ከፈትኩና ከእግሯ ትንሽ ከፍ፣ ከሆዷ በታች አስጠጋሁላት። ወፍ ከቆመችበት ከፍ ወዳለው መውጣት ትወዳለች። ይኼኔ ብዙ ሰው የሚሸበርበት ነገር ይመጣል፤ ወፏ አስቀድማ መንቆሯን ትሰነዝራለች። ልትነክስ አይደለም። በቀቀን መንቆሯን እንደ ሦስተኛ እግር ትጠቀምበታለች፤ ልትረግጠው ያለችው ነገር የሚጸና መሆኑን ጨበጥ አድርጋ ትፈትነዋለች። በትሩን ያን ጊዜ ከሳቡባት የማይታመን ሆኖባት ይቀራል። ስለዚህ ክንዴን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን አረጋግቼ እጠብቃለሁ። ፊቷን ካዞረች ለዚያን ቀን አበቃ። እግሯ በትሩ ላይ ካረፈ ሱፏን ታገኛለች፤ ወዲያውም ወደ ቦታዋ እመልሳታለሁ። ቶሎ መመለሱ ከሱፉ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ የወጣችበት ሁሉ ወጥመድ እንዳልሆነ የምታውቀው መውረድ ስትችል ነው። በትሩን እያሳጠርኩ፣ ጣቴን እያስጠጋሁ፣ የመስከረም ፀሐይ እስክትወጣ በዚሁ ቀጠልን።

እጅ ላይ የወጣችው ግን የእኔ እጅ ላይ አይደለም።

አክስቴ እንደ መንዝ ሴቶች ሁሉ እጃቸው ከእንዝርት አይለይም፤ የበግ ጠጉር እየፈተሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። ከወርቂቱ ጋር ያወራሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ዋጋ ይነግሯታል። እጃቸው ሁልጊዜ ከፊቷ አለ፣ ሁልጊዜም ሌላ ሥራ ላይ ነው። እኔ ሱፍና በትር ይዤ ስመጣ የምፈልገው ነገር እንዳለ ወፏ ታውቃለች፤ አክስቴ ምንም አይፈልጉባትም። አንድ ጠዋት በሩን ከፍተን ትተንላት እሳቸው እንደ ልማዳቸው ሲፈትሉ፣ እኔም በትሩን ላነሣ ስል፣ ወርቂቱ ከበሩ ደፍ ላይ ሆና የአክስቴን ግራ እጅ ቁልቁል አየች። መንቆሯን ዘርግታ የጣታቸውን አጥንት ጨበጥ አድርጋ ለቀቀች። አክስቴ አልተንቀሳቀሱም፤ እንዝርቱ ብቻ እየተሽከረከረ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ከዚያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ሌላው። ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ፣ የአክስቴን ሌባ ጣት ጨምድዳ ያዘች።

«እግሯ ይሞቃል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እኔ እኮ የወፍ እግር የሚቀዘቅዝ ነበር የሚመስለኝ።»

የእኔ ተራ ከዚያ በኋላ መጣ፤ በአክስቴ እጅ አማካይነት ነው። እጄን ከእጃቸው አጠገብ፣ ከፍ አድርጌ ሳስጠጋ ካንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገረች። ክብደቷ እምብዛም ነው፤ የሚሰማው አያያዟ ነው። በኋላ በኋላ ጥፍሯን እጃችን ላይ እንዳለች በጥቂት በጥቂቱ መሞረድ ቻልን። የደረቷ ላባ ከፊሉ መልሶ በቀለ፣ ከፊሉ ባዶውን ቀረ። ጨርቅ እስከ መጨረሻው አልወደደችም፤ እኛም አላስለመድናትም። ወርቂቱ አክስቴ ቤት ዓመታት ኖራ፣ በእርጅናዋ አረፈች።

ከጫካ የተያዘች በቀቀን ለሽያጭ ብትቀርብልዎት እባክዎ አይግዙ። የሚገዛት ካለ የሚይዛት አይጠፋም፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ተይዛ የተንገላታች እንስሳ ካጋጠመዎት ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ፤ ሆለታ አጠገብ እንደ እንስሳ ኮቴ ያለ፣ ከሰው እጅ የተረፉ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት ቦታም አለ። እርስዎ ጋ የቀረች አሮጌ በቀቀን ካለች ደግሞ የቤቷን በር ከፍተው፣ እጅዎን ሥራ አስይዘው አጠገቧ ይቀመጡ። ያረጀች ወፍ ትለምዳለች።