ተመልሳ እንድትመጣ የታዘዘች መርከብ

በጃፓን ከሂሮሺማ ወደ ወደብ ከተማዋ ኩሬ የሚወርደው ባቡር ባሕሩን በቀኝ ይዞ ይጓዛል። ደሴቶቹ ተጠጋግተው ስለከበቡት ውኃው ሐይቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው ግን በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት እንዲጋርድ ይታዘዝ ነበር፤ ኩሬ ውስጥ ዓይን እንዲያያት ያልተፈቀደ፣ ያማቶ የተባለች የጦር መርከብ ትሠራ ነበርና። እኔ ግንባሬን ከመስታወቱ ሳላላቅቅ ደረስሁ። ጣቢያው ላይ ባቡር ሲቃረብ የሚሰማው ዜማ እኔን እዚያ ድረስ የሳበኝ ፊልም የተመሠረተበት አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) መዝሙር ነው። ከተማዋን የወደድኋት ገና ከጣቢያው ሳልወጣ ነው።

የሳበኝ ታካሺ ያማዛኪ ያዘጋጀው፣ በ2010 የወጣው «የጠፈር የጦር መርከብ ያማቶ» የተባለው ፊልም ነው። ምንጩ የሆነው አኒሜ በ1974 በጃፓን ቴሌቪዥን ሲጀምር ተመልካች አጥቶ በ26 ክፍል ተቋጭቶ ነበር። በ1977 ተጠቃልሎ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ወጣቱ ሌሊቱን ተሰልፎ ያድር ጀመር። ታሪኩ በ2199 ነው። ጋሚላስ የሚባሉ ባዕዳን ምድርን በጨረር መርዘዋታል፤ ከእልቂት የተረፈው ሕዝብ ከመሬት በታች ይኖራል። ከ148,000 የብርሃን ዓመት ርቀት፣ ኢስካንዳር ከተባለች ፕላኔት፣ መልእክት ይደርሳል። ወደዚያ የምትጓዘው መርከብ ያማቶ ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰጠመችው የያማቶ ስምና መልክ ያላት።

የእውነተኛዋን ያማቶ መልክ ለማየት ከጣቢያው ብዙ አያስኬድም። በ2005 የተከፈተው ሙዚየም መሐል አዳራሽ ላይ አንድ አሥረኛ ተደርጋ የተሠራች አምሳያዋ ተቀምጣለች። አንድ አሥረኛ ሲባል ትንሽ ነገር የጠበቀ ይደነግጣል፤ 26 ሜትር ከ30 ናት! ዋናዋ 263 ሜትር ነበረች፤ የአፋቸው ስፋት 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዘጠኝ መድፎች ነበሯት። እየዞርሁ በደረጃው ወጣሁ፤ ከላይ ሆኜ የመርከቧን ወለል፣ የማዘዣ ማማዋን፣ ከጎኗ የተደረደሩትን ትንንሽ መድፎች አየሁ። ፊልሙን ያየ ሰው ይህን ቅርጽ ወዲያው ያውቀዋል። ያማዛኪ የፊልም ጥበበኞቹን አሰማርቶ ከደረቀው ምድር፣ አፈርና ድንጋዩን እያራገፈች ያስነሣት እሷን ነው። የአኒሜውን መልክ ከቀረጹት አንዱ የሆነው ሠዓሊ ሌጂ ማትሱሞቶም የዚህ ሙዚየም የክብር ዳይሬክተር ነበር።

ከአዳራሹ ወጣ ሲሉ ግን ደስታው ይከብዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 1945 ያማቶ ከአየር የሚጠብቃት ሳይኖር ወደ ኦኪናዋ ስትገሠግሥ የአሜሪካ አውሮፕላኖች አሰጠሟት። ከ3,300 ገደማ ሰዎች የተረፉት 300 አይሞሉም። የተላኩት ይመለሳሉ ተብሎ አልነበረም። የስማቸው ዝርዝር ግድግዳ ሞልቷል። አንድ አዛውንት በጣታቸው እየተከተሉ አንዱን ስም ይፈልጉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደቡን ቁልቁል ወደሚያሳየው ኮረብታ ወጣሁ። መርከቧ የተወለደችበት ዶክ ዛሬ ተደፍኗል፤ ያኔ ከላይ የከለላት ጣሪያ ግን አለ። ሥሩ ብረት ይቆረጣል፣ ይበየዳል፤ ኩሬ አሁንም መርከብ ትሠራለች። ወዲያ ማዶ የባሕር ኃይሉ ሰርጓጅ መርከቦች ጥቁር ጀርባቸውን አውጥተው ቆመዋል።

ፊልሙ ለምን እንደያዘኝ የገባኝ እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። በ1945 ሳትመለስ እንድትቀር የተላከችው መርከብ፣ በልብ ወለዱ አንድ ትእዛዝ ተሰጣት፤ ሂጂና ምድርን የሚያድነውን ይዘሽ ተመለሽ። መድፉ፣ ማማው፣ ስሙ ሁሉ የድሮው ነው፤ የተለወጠው ትእዛዙ ነው። ያማዛኪ ይህን ከአኒሜው ይበልጥ ያጠብቀዋል። በእሱ ፊልም ጨረር የሚያጠፋ መሣሪያ አለ የሚለውን ወሬ የፈጠረው አዛዡ ካፒቴን ኦኪታ ራሱ ነው፤ የመጣው መልእክት የቦታው አቅጣጫና የሞተር ንድፍ ብቻ ነበር። ሕዝቡ የሚጠብቀው ነገር እንዲኖረው ሲል ዋሸ። ሆኖም ኢስካንዳር ሲደርሱ የሚፈልጉት ኃይል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ፍቅሬ ዓይኔን አልጋረደውም። መጨረሻው ላይ በታኩያ ኪሙራ የተተወነው ዋናው ገጸ ባሕርይ ኮዳይ ሌሎቹን አሰናብቶ፣ መርከቧን ይዞ ከጠላት ጋር አብሮ ይጠፋል። የ1945ቱ ትእዛዝ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ሙዚየሙን ሳላይ ይህን ትዕይንት እንደ ጀግንነት ብቻ እመለከተው ነበር፤ ከስም ዝርዝሩ በኋላ ግን የሚያስቆጣ ሆኖብኛል። ያማዛኪም የተረጋጋበት አይመስለኝም። በ2019 «የአርኪሜዲስ ታላቅ ጦርነት» ብሎ ስለዚችው መርከብ አሠራር ሌላ ፊልም ሲያወጣ፣ የከፈተው በመስጠሟ ነው። በ2010 ያበረራትን በ2019 ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ አሰጠማት። ኩሬን ለማየት የምትሄዱ ሁለቱንም ፊልሞች አይታችሁ ሂዱ፤ ከተማዋ ላይ ቆሞ ሁለቱን ማከራከር የጉዞው ትልቁ ደስታ ነው።