የቦዩ ጫፍ

ቀጥሎ የቀረበውን ድርሰት በጥሞና አንብቡ።

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ሜዳው ውኃ ስለሚቋጥር ሩዝ ይበቅልበታል፤ በበጋ ግን ውኃው ስለሚያንስ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። በወረታ አካባቢ በመምህርነት ሳገለግል ይህን ተራ ዘወትር እያየሁ፣ ትምህርቱን ግን ሳላስተውለው ኖሬአለሁ።

በ2007 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ኀላፊ ነበርሁ። በክፍሉ ዐሥር መቀመጫዎች ነበሩ፤ ሁሉም የሚሠሩት ግን ሰርቨር በሚባል በአንድ ዋና ኮምፒዩተር ጉልበት ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ የሪከርድ ክፍል ሠራተኞች ሮስተር ለማዘጋጀት መጡ። በዚያው ሳምንት ተማሪዎች ለተግባር ፈተና ይለማመዱ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ባንድነት ሲካሄዱ ኮምፒዩተሩ እንደ ደከመ በሬ ተንቀረፈፈ። እኔም «ሮስተሩ እስኪያልቅ ተማሪ አይግባ» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከገጠር በእግሯ የምትመጣ አንዲት ተማሪ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ በእኛ ቦይ ሰፊ ማሳ ያለው ሰው ብዙ ሰዓት ያጠጣል፤ ሆኖም በቦዩ ጫፍ ላለውም ቀኑ አይቀርበትም። የእኛ ቀን መቼ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በቤቷ ኮምፒዩተር የለም፤ ፈተናው ግን ለእርሷም ያው ነበር።

በዚያች ሌሊት ቀድሞ ያነበብሁትን አስታወስሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አንዱን ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት ሠርተው አሳይተዋል። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሥራ አጭር ጊዜ እየሰጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። አጭር ሥራ ቶሎ ተራ ያገኛል፤ ረጅም ሥራ ይዘገያል፤ ተራው ሲደርስ ግን ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጠዋል።

በማግሥቱ ከሪከርድ ክፍል ሠራተኞች ጋር ተመካከርን። በቀን ስምንቱን መቀመጫ ለተማሪዎች፣ ሁለቱን ለሪከርድ ክፍል መደብን። ኮምፒዩተሩን አጥብቆ የሚይዘውን ድመራና ኅትመት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አደረግነው። ሮስተሩ በጊዜው ተጠናቀቀ፤ ተማሪዎቹም ተለማምደው ተፈተኑ። ሌላ ኮምፒዩተር አልተገዛም፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነበር።

የጋራ ሀብት ሲያንስ «ማን ይቅደም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ማንስ ጨርሶ ይቀርበታል?» ማለትም ያስፈልጋል። ይህን ከዚያች ልጅ ተማርሁ። የዘጋሁባትን ሦስት ቀን ግን ልመልስላት አልቻልሁም።

መልመጃ
፩. ጸሐፊው በመጀመሪያ የወሰነው ውሳኔ ስሕተቱ ምን ነበር? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
፪. በአካባቢያችሁ ሰዎች በተራ ስለሚጠቀሙበት አንድ የጋራ ሀብት ሁለት አንቀጽ ጻፉ።