«እስቲ እናያለን» ስለ ማለት

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብ አሠራር ብዙ ጠቃሚ ነገር ተጽፎአል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በየቤታችን ዘወትር ስለምንናገራት ስለ አንዲት አነጋገር ነው። እርስዋም «እስቲ እናያለን» የምትባለው ናት። በእርስዋ ምክንያት የማከብራቸው ጎረቤቴ ገንዘባቸውን ስላጡ፣ ነገሩን ከነጥፋቴ ልናገር ፈቀድሁ።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። ዳኛው አንዱን ባለጉዳይ በጠየቁት ጊዜ እርሱ ዙሪያ ጥምጥም ቢሄድ «በአጭሩ መልስ» ተብሎ ይታዘዛል፤ እኔም የመለሰውን ቃል ብቻ በመዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ። በልጅነቴ የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙኝ፣ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ እሺታና እምቢታ ሳይደባለቁ መነገር እንደሚገባቸው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቃል አስተምረውኛል። በቀረው ነገር ግን እምብዛም አይስማሙም ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ትምህርት ከሥራ ወጥቼ ከቤቴ ደጃፍ ስደርስ ይጠፋብኛል።

የምንኖረው በአዲስ አበባ በአንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተ ሰብ ሆነን ነው። የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ «እርሱ መጻፍ ያውቃል» ተብሎ ማካፈሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ይህን ያህል፣ አንድ አምፖል ብቻ ያለው ይህን ያህል እያልሁ በደብተር እመድባለሁ። የዚህ ሥራ ደመወዙ ኩርፊያ ነው።

ኩርፊያውም ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በቤት የሚጠቀም ሰው ለመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ለእያንዳንዱ 27 ሳንቲም ያህል ነበረ፤ ከ500 በላይ የሆነው ግን ወደ 70 ሳንቲም ይጠጋ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ተሻሻለ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ በአራት ዓመት የሚፈጸም ሌላ ማሻሻያ ተጀመረ። ብዙ የሚጠቀም ሰው በከፍተኛ ዋጋ እንዲከፍል፣ ጥቂት የሚጠቀም እንዲቀልለት መደረጉ ፍርድ ያለበት ነገር ነው። ነገር ግን አምስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁላችንም ፍጆታ በአንድነት ተደምሮ ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ ባለ አንዱ አምፖል ድሃ፣ በዋጋው በኩል ሲታይ፣ እንደ ባለጠጋ ይቆጠራል።

እንግዲህ ጎረቤቴ ወደ እኔ የመጡት ይህ ነገር ሁላችንን በሚያስጨንቅበት ሰዓት ነው። በዕድሜ ይበልጡኛልና «እትዬ» እላቸዋለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ወልዳ በታመመች ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ እንጀራችንን የጋገሩ፣ ሕፃኑን ያጠቡ፣ እኔንም ሥራዬን እንዳልፈታ የደገፉ እርሳቸው ናቸው። የዕቁብ ዕጣ በደረሳቸው በሳምንቱ፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ አንዲት ነጭ ሣጥን ይዘው ገቡ። በፊትዋ ላይ አረንጓዴ መብራት አላት።

«ወንድሜ፤ አንተ የተማርህ ሰው ነህና ቶሎ ይገባሃል» አሉኝ። «ይህችን ግድግዳው ላይ ሰክተህ ብትተዋት የመብራቱ ሒሳብ በእኩሌታ ይወርዳል። ዋጋዋ 1,500 ብር ነው። ደግሞ አንተ ሁለት ሰው ብታመጣ ድርሻ አለህ፤ እነርሱም ሌላ ሁለት ሁለት ሲያመጡ ከዚያም ይደርስሃል። የእኅቴ ልጅ ነው ያስገባኝ።»

እኔም ሣጥኒቱን አገላበጥኋት፤ ነገሩን አላመንሁትም። ነገር ግን አርባውን ቀን አሰብሁና አፌ ታሰረ። «መልካም ነው እትዬ፤ እስቲ እናያለን» አልኋቸው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ቀና ብላ አየችኝ፤ አንዳችም አልተናገረች።

በሁለተኛው ሳምንት በጠየቁኝ ጊዜ «ደመወዝ አልደረሰም» አልሁ። ይህ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን እርሱ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት «የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይለፍና» አልሁ። በልቤም «በለሰለሰ ቃል እምቢ ብያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ተረድተውኛል» ብዬ ራሴን አመሰገንሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሁሉ ጨዋነት ይለዋል።

አንድ ቀን ማታ በግቢያችን መጨረሻ ቤት የሚኖሩት፣ በሟች ባላቸው ጡረታ የሚተዳደሩት እማማ በሬን አንኳኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በቋጠሮ ያለውን ገንዘብ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ቆጥረህ ለእትዬ ስጥልኝ፤ 1,500 ነው። እኔ እንኳ ፈርቼ ነበር፤ አንተ እንደ ገባህ ሲነግሩኝ ግን ልቤ አረፈ» አሉ።

«እኔ ገባሁ?»

«ስምህ ከደብተሩ መጀመሪያ ተጽፎ አይቻለሁ። የፍርድ ቤት ሰው ሳይመረምር አይገባም ብዬ ነው።»

እውነት እላችኋለሁ፤ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1682 ዝምታ ብቻውን እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርሕ ደንግጎአል። ይህን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሕጉ የሚሠራው በችሎት ነው፤ በግቢያችን ውስጥ የሚሠራው ሌላ ሕግ ነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው ተስማምቶአል፤ «እስቲ እናያለን» ያለ ደግሞ ቃል ሰጥቶአል። እትዬ ሐሰት አልተናገሩም፤ ያልሁትን ቃል እንደ አገሩ ልማድ ተረጐሙት እንጂ። እማማን «ገንዘቡን ለጥቂት ቀን ይያዙት» ብዬ መልሼ አስቋጠርኋቸው።

ደግሞም ሌላ ነገር አሳሰበኝ፤ ምናልባት ሣጥኒቱ በእርግጥ የምትሠራ ብትሆንስ? ሳይመረምሩ መናቅ ሳይመረምሩ ከማመን አይሻልም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን ከቆጣሪው ፊት አቁመው በመስኮቱ ውስጥ የምትዞረዋን ስስ ክብ ብረት ያስቆጥሩን ነበር። የእኛም ግቢ ቆጣሪ የዚያ ዓይነት አሮጌ ነው፤ በላዩም አንድ ኪሎዋት ሰዓት 120 ዙር እንደ ሆነ ተጽፎበታል። ስለዚህ እትዬን ለብቻቸው አግኝቼ «ሰው ሳያየን እኔና እርስዎ እንፈትናት» አልኋቸው። በሰው ፊት ላዋርዳቸው አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ግቢው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ በግቢው ያለችውን ብቸኛዋን ማቀዝቀዣ፣ ይኸውም የእኛን፣ ነቀልሁ። እትዬ ምጣዳቸውን ለኰሱ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል ከ58 በላይ በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። እኔ የእጅ ሰዓቴን ይዤ አምስት ደቂቃ ቈጠርሁ፤ የብረቲቱ ቀይ ምልክት 35 ጊዜ አለፈ። ሣጥኒቱን ሰካናት፤ አረንጓዴው መብራት በራ፤ አሁንም 35 ሆነ። እትዬ «ድገመው» አሉኝ። ደገምሁት፤ 34 ተኩል ሆነና ፊታቸው ፈካ። ሣጥኒቱን ነቅዬ ብቈጥር ግን ያው 34 ተኩል ሆነ፤ የመስመሩ ኃይል ጥቂት ዝቅ ብሎ ኖሮአል።

እንዲህ ባሉት ሣጥኖች ውስጥ ከመብራቲቱ በቀር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ በራሱ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ሞተር በሚያንቀሳቅስ ፋብሪካ በመስመሩ ላይ ያለውን ሸክም ለማስተካከል ይጠቅማል። የቤት ቆጣሪ ግን የሚቈጥረው በእርግጥ የተሠራበትን ኃይል ብቻ ነው፤ ምጣዱ የፈጀው ሙቀት ደግሞ በሣጥን አይቀንስም። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ሊጡን በማማሰያ እያዞሩ ዝም ብለው ሰሙኝ።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ማለት የሚገባኝን ተናገርሁ። «እትዬ፤ ውለታዎ በእኔ ላይ ብዙ ነው። ይህን ግን አልገዛም። ሰውም አላመጣም። ስሜን ከደብተሩ ይሰርዙልኝ።»

ይቈጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቈጡም። የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥተው ሰፌዱ ላይ ካኖሩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ይህን ያን ጊዜ ብትነግረኝ ሁለተኛውን ስድስት ሣጥን ባልወሰድሁ ነበር። አንተ አለህበት ብዬ ነው የጨመርሁት።»

አንዱን ሣጥን የወሰዱት በ1,200 ብር ነው። ስለዚህ የእኔ ጨዋነት ዋጋው 7,200 ብር ሆነ ማለት ነው፤ የከፈሉት ግን እርሳቸው ናቸው።

የፈረሙበትን ወረቀት አሳዩኝ። ብዙ ወረቀት ያየሁ ሰው ነኝና መጀመሪያ የፈለግሁት የሻጩን አድራሻ ነው፤ የለም። ዕቃው የማይሠራ ቢሆን ምን እንደሚደረግ የሚናገር ቃልም የለም። የሚያመጡት ሰው በበዛ ቍጥር የሚገኘው ድርሻ ግን በሰንጠረዥ ተዘርዝሮአል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሰው በሰው ላይ እንደ ፒራሚድ እየተደረበ ድርሻ የሚታሰብበትን እንዲህ ያለውን አሻሻጥ ከልክሎአል። ይህንኑ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ማመልከቻውን አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ። ይህን ጊዜ አላመነታሁም፤ «አልጽፍም እትዬ፤ ነገሩ ነገ ወደምሠራበት ችሎት ሊመጣ ይችላልና የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ አይገባውም» አልሁና፣ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው እንዲጠይቁ መንገዱን አመለከትኋቸው። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ እምቢ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ።

እርሳቸው ግን የእኅታቸውን ልጅ መክሰስ አልወደዱም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ ታየ። ልጁ አራቱን ሣጥን ተቀብሎ ገንዘባቸውን በሁለት ጊዜ መለሰላቸው። እርሱም ከሌላ ሰው እጅ የተቀበለ ነውና ከዚያ በላይ አቅም አልነበረውም። ስምንቱ ሣጥን በእጃቸው ቀረ። እማማ 1,500 ብራቸውን ከቋጠሮው አላወጡም።

ባለቤቴ «የሁለተኛው ስድስት ዕዳ የእኛም ነው» አለችኝ። ገንዘቡን በፖስታ አድርገን ወስደን ነበር፤ እትዬ ፖስታውን ሳይከፍቱ መለሱት። ባለቤቴ ግን በዚህ በኩል ከእኔ ትበልጣለችና፣ እስከ መጪው መስከረም ድረስ የመብራት ድርሻቸውን በእኛ ላይ እንድመድበው በደብተሩ አጻፈችኝ። ይህንንም ለእርሳቸው ነገረቻቸው እንጂ አልጠየቀቻቸውም።

ከሒሳቡ ነገር አንድ ሐሳብ ያወጡት ደግሞ ራሳቸው እትዬ ናቸው። ያን ዕለት ቀይዋን ምልክት ስንቈጥር ምጣዱ እስኪግል ድረስ ብቻ ስንት ዙር እንዳለፈ አይተዋል። ስለዚህ ምጣድ ያላቸው ሦስቱ ቤቶች በየራሳቸው ቀን መጋገራቸውን ትተው፣ ቅዳሜ በአንዱ በጋለው ምጣድ ተራ በተራ ይጋግራሉ። ሒሳቡ በእኩሌታ አልወረደም፤ ጥቂት ቀንሶአል። ማን ይቅደም በሚለው ግን አዲስ ኩርፊያ ተነሥቶአል፤ እርሱም ወደ እኔው ደብተር መጥቶአል።

ባለፈው እሑድ እትዬ ቡና ጠሩን። ከስምንቱ ሣጥን አንዲቱ በመተላለፊያው ግድግዳ ተሰክታ አረንጓዴ መብራትዋን ታበራለች፤ የልጅ ልጃቸው ሌሊት ሲነሣ እንዳይደናቀፍ ነው አሉ። አቦሉን እንደ ጠጣን ወደ እኔ ዘወር ብለው «ወንድሜ፤ አዲስ ዕቁብ ልናቋቁም ነው፤ ጸሐፊው አንተ ብትሆን?» አሉኝ።

«እስቲ . . .» አልሁ።

እጃቸው ጀበናውን እንደ ያዘ ቆመ። ባለቤቴም ቀና ብላ አየችኝ።

«አልሆንም እትዬ» አልሁ፤ «የመብራቱ ደብተር ይበቃኛል።»

«በጀ» አሉና ቶናውን ቀዱልኝ።