ለሁለት ልጆች አንድ ጋሪ

ታናሽ እኅቴ ሁለተኛ ልጇን በወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ አራስ ልጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ተጓዝኩ። በሻንጣዬ ውስጥ የአጥሚት እህል፣ የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬና እናታችን እኛን ያዘለችበትን የመሰለ አንቀልባ ነበር። አራስ የምትጠይቅ ሴት ባዶ እጇን አትገባም። ይሁን እንጂ ከቤቷ ደርሼ አንድ ቀን ሳልውል እኅቴን የቸገራት ነገር ገንፎ እንዳልሆነ ገባኝ።

እኅቴ የምትኖረው ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ሰሜን ባለችው ዊተን ነው። ቤቷ የአንድ ትልቅ ቤት ምድር ቤት ሲሆን፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ቤዝመንት» ይሉታል። ከዚያ ለመውጣት ሰባት ደረጃ ወጥቶ፣ በቤቱ ጎን አልፎ፣ አንዲት ጠባብ የብረት በር መክፈት ያስፈልጋል። ትልቁ ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ትንሿ ገና ጨቅላ ናት። ባለቤቷ ከማለዳ እስከ ምሽት መኪና ይነዳል። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት አንዱን አቅፋ፣ ሌላውን እየጎተተች ያንን ደረጃ እንዴት ትውጣ? ከሐኪም ቀጠሮ በቀር ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር።

በመግቢያው ላይ አንድ ትልቅ ሳጥን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ተይው እትዬ፤ እሱን አታንሺብኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

አምስት ሳንቲ ሜትር

ነገሩን በኋላ የነገረኝ ባለቤቷ ነው። የጉባኤያቸው እኅቶች ገንዘብ አዋጥተው ለሁለቱም ልጆች የሚሆን ጋሪ እንዲገዛበት ሰጥተውት ነበር። እርሱም ሚስቱን ላስደስት ብሎ ብቻውን ሄደና ቅናሽ የተደረገበት፣ ሁለቱ መቀመጫዎች ጎን ለጎን የተሠሩበትን ጋሪ ገዛ። ጋሪው ያምራል፤ ልጆቹም እኩል ተቀምጠው እኩል ያያሉ። ነገር ግን የጋሪው ስፋት 76 ሳንቲ ሜትር፣ የበሩ ስፋት 71 ሳንቲ ሜትር ነበር። ጋሪው አላልፍ አለ።

«አጥፈሽ አውጪውና ከውጭ ዘርጊው» አላት። እርሷም፣ «እስክዘረጋው ድረስ ልጆቹን ማን ይይዝልኛል?» አለችው። በዚህ የተነሣ ባልና ሚስት ለአምስት ሳንቲ ሜትር ሳምንት ሙሉ በቅጡ ሳይነጋገሩ ቆዩ። እርሱ ድካሙ እንዳልታየለት ተሰማው፤ እርሷ ደግሞ ቀኗን እንዴት እንደምትውል ያላወቀላት መሰላት። ጋሪውን እንዳይመልሱት የሰዎቹ ስጦታ ነው፤ እንዳይጠቀሙበት በሩ አያሳልፍም።

እኔም መካሪ ነኝ ብዬ ተሳሳትኩ። «እናታችን ስድስታችንንም ያሳደገችው ያለ ጋሪ ነው» አልኩና አንቀልባዬን አወጣሁ። እኅቴ እሺ ብላ ሞከረችው፤ ጥቂት እንደ ተራመደች ቁስሏን ይዛ ተቀመጠች። ያን ጊዜ እናታችንን አስታወስኳት። እናታችን አንዱን ስታዝል ሌላውን የሚይዝላት ጎረቤት፣ ውኃ የሚቀዳላት ዘመድ፣ ደጃፍ ላይ የሚያጫውትለት የሰፈር ልጅ ነበራት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እኅቴ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻዋን ነበር የተሸከመችው። አንቀልባውን አጥፌ ወደ ሻንጣው መለስኩት፤ ምክሬንም አብሬ መለስኩ።

ሜትር ይዞ መነሣት

በማግሥቱ ማታ ሦስታችንም ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ስለ ጋሪው ሳይሆን እኅቴ በሳምንት ውስጥ ስለምትሄድባቸው ቦታዎች እንነጋገር አልኩ። የሕፃናት ክሊኒክ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መናፈሻ ብለን ጻፍን። መኪናውን ባለቤቷ ስለሚይዘው፣ እርሷ የምትሄደው በእግርና በባቡር ነው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተን የብረት በሩን፣ የኩሽናውን መተላለፊያና የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ለካን። ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ሲያያቸው ባለቤቷ ራሱን ነቀነቀና፣ «እኔ ያሰብኩት የመኪናዬን ኋላ ብቻ ነበር» አለ። እኅቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት።

ዛሬ በየመንገዱ የምናየውን ቀላልና ታጣፊ የሕፃን ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1965 የነደፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በጦርነቱ ዘመን ለስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የሚታጠፈውን የማረፊያ እግር የነደፈ መሐንዲስ ነበር። የገዛ ልጁ ሕፃን ይዛ ስትጓዝ ከባዱ ጋሪ እንዳስቸገራት ባየ ጊዜ፣ ያንኑ የመታጠፍ ጥበብ ወደ ጋሪ አመጣው። ጥበቡ የጀመረው የአንዲት እናትን ችግር ቀርቦ በማየት ነው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሱቁ ውስጥ

ደረሰኙ በእጃችን ስለነበር የመጀመሪያውን ጋሪ ያለ ችግር ተቀበሉን። ገንዘቡን ያዋጡት እኅቶችም ሲነገራቸው፣ «እኛ የሰጠነው እንድትወጣ ነው» አሉ እንጂ ማንም አልተቀየመም። ያ ሁሉ ኀፍረት በከንቱ ነበር።

በሱቁ ውስጥ ዋጋው ከመቶ ሃምሳ ዶላር አካባቢ ጀምሮ ከሺህ በላይ ይወጣል። ዓይነቱም ይለያያል። ጎን ለጎን የሆነው ለመግፋትና ለማዞር ይቀላል፤ ጠባብ በር ግን ይከለክለዋል። አንዱ ከሌላው ፊት የሚቀመጥበት ደግሞ እንደ ነጠላ ጋሪ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ነው፤ ትልቁ ልጅ ፊት ሲቀመጥ ፊቱ ስለሚከብድ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማውጣት ያታግላል። ሦስተኛው ነጠላ ጋሪ ሆኖ ከኋላው ትልቁ ልጅ የሚቆምበት ሰሌዳ አለው። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቀን ቀን ለሚተኛና እጅ አስለቅቆ ለሚሮጥ ሕፃን ገና አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ግን የትንሿ አንገት ይቀድማል። ጨቅላ ሕፃን ራሷን መሸከም ስለማትችል፣ መደገፊያው ወደ ኋላ ወርዶ ጋደም የሚያደርጋት መቀመጫ ያስፈልጋታል። ቀጥ ብላ ብትቀመጥ አንገቷ ይታጠፍና መተንፈሻዋ ሊጠብ ይችላል። የመኪናው የሕፃን ወንበር የሚገጠምባቸው ጋሪዎችም አሉ፤ ለአጭር መንገድ ይጠቅማሉ። ሆኖም የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ያ ወንበር የዘወትር መኝታ እንዳይሆን ይመክራል።

የመረጥነው ፊትና ኋላ የሆነውን ነው። ስፋቱ 64 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለእናትየው የሚቀርበው የኋላው መቀመጫ እስከ መተኛት ይወርዳል። ሁለቱንም ልጆች አስቀምጠን በሱቁ ውስጥ ዞርን። እኅቴ በአንድ እጅ ገፋችው፣ አዞረችው፣ ፍሬኑን በእግሯ ረግጣ አቆመችው። ትልቁ ልጅ መጀመሪያ የእኅቱን መቀመጫ አየና፣ «የእኔስ?» ብሎ ሊያለቅስ ቃጣው። አባቱ አንሥቶ ከፊት አስቀመጠውና፣ «ሾፌሩ አንተ ነህ» አለው። ከዚያ በኋላ አልወርድም ብሎ አስቸገረን!

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ጋሪው ለብቻው 14 ኪሎ ይመዝናል፤ በሰባቱ ደረጃ ላይ ማን ያውጣው? ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። እኅቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ምንም ጠይቃቸው አታውቅም። አብረን ሄደን፣ «እማማ፣ ጋሪውን ከላይ በረንዳዎ ሥር ብናቆመው ይፈቅዱልናል?» አልናቸው። «ልጄ፣ ይህን ለመጠየቅ ነው ይህን ያህል የቆየሽው?» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሷ ጨቅላዋን ይዛ ስትወጣ እርሳቸው ትልቁን ከደረጃው ላይ እየመጡ ይቀበሏታል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ

በማግሥቱ ጋሪው በብረት በሩ አለፈ፤ በየጎኑ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ ቀረችለት። ወደ ዊተን የባቡር ጣቢያ ሄድን። በዚህ ጣቢያ ያለው የኤሌክትሪክ ደረጃ 70 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ያዞራል። በዚያ ላይ ጋሪ ይዞ መውረድ አደጋ ስለሆነ ሊፍቱን ጠበቅን። ቀጥሎ ያለው የፎረስት ግሌን ጣቢያ ደግሞ 60 ሜትር ያህል ከምድር በታች በመሆኑ የኤሌክትሪክ ደረጃ ጭራሽ የለውም፤ ሰው ሁሉ የሚወጣውና የሚወርደው በሊፍት ነው። እናት ከነጋሪዋ፣ ሽማግሌው ከነምርኩዙ፣ ሠራተኛው ከነቦርሳው በአንድ ሊፍት የሚሳፈሩበት ጣቢያ ነው አለችኝ እኅቴ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ባቡሩ ከምድር በላይ ወጣና ብርሃን ገባ። በዚያ ሰፈር የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ምግብ ቤቶችና የእንጀራ መሸጫዎች ብዙ ናቸው። እኅቴ እንጀራ ገዝታ በጋሪው እጀታ ላይ ልትሰቅል ስትል አስቆምኳት። በእጀታው ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ጋሪውን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ የዕቃ ቦታው ከሥር ያለው ቅርጫት ነው። ቡና ጠጣን። ትልቁ ልጅ እያንዳንዱን አውቶቡስ በጣቱ እያሳየ ቆጠረ። ትንሿ እንደ ተኛች ዋለች። እኅቴ ፊቷን ወደ ፀሐይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች።

ለምትገዙ ሁሉ

ሁለተኛ ልጅ የምትጠብቁ ባልና ሚስት፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በየቀኑ የምታልፉበትን እጅግ ጠባብ በር ለኩ። ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ አብዝታ የምትገፋው እናት ከሆነች እርሷ ገፍታ ትሞክረው። የልጆቹ ቀበቶ በትከሻ፣ በወገብና በእግር መካከል የሚይዝ ይሁን። ጋሪው ሲዘረጋና ሲታጠፍ ልጆቹ ራቅ ይበሉ፤ መጋጠሚያው ጣት ይቆርጣል። በአሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ጋሪዎች ሊያሟሉት የሚገባ የደኅንነት ሕግ አለ፤ ያገለገለ ጋሪ ስትገዙ ከዚያ በፊት የተሠራ እንዳይሆንና ለጉድለት ያልተሰበሰበ መሆኑን አረጋግጡ። በሙቀት ጊዜ ጋሪውን በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፤ ውስጡ በፍጥነት ይግላል።

ልመለስ ስል እኅቴ አንቀልባውን ከሻንጣዬ አውጥታ አስቀረችው። «ቁስሌ ሲድን፣ እንጀራ ስጋግር አዝልባታለሁ» አለች። በረንዳው ሥር ጋሪው ቆሟል። እማማ ዝናብ እንዳይመታው አሮጌ ነጠላቸውን አልብሰውታል።