ዛቡን ላላ አድርጊው

ባለፈው መስከረም እኔና ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት አገልግሎት ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ተጉዘን ነበር። በዚያ ያሉ ወገኖች በታላቅ ፍቅር ተቀበሉን፤ ጌታ ይባርካቸው። ጉባኤው የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ያስተናገደችን እኅት ጠዋት ጠዋት ከተማውን ታሳየን ነበር። አንድ ቀን «ዛሬ ደግሞ የፈረሶች ትምህርት ቤት እንሄዳለን» ስትለኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አላለኝም። ቤቴ ትቼው የመጣሁት ነገር ልቤን ይዞት ነበር። የ16 ዓመት ልጃችን በስልክ «ደኅና ነኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣት ብሎ ነበር፤ ምክንያቱንም አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ የሚገኘው መሀል ከተማ፣ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የስፔን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ይሉታል፤ ስሙም የመጣው የፈረሶቹ ዘር ከስፔን በመምጣቱ ነው። ስለ እርሱ የተጻፈው የመጀመሪያ መረጃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1565 ነው። አሁን ያለው አዳራሽ ደግሞ በንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ ዘመን ከ1729 እስከ 1735 ተሠራ። ነጭ ግድግዳ፣ 46 ዓምዶች፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ትላልቅ የብርሃን ጌጦች፤ ወለሉ ግን አሸዋ ነው! ሙሽራ የሚዳርበት አዳራሽ ይመስላል እንጂ ፈረስ የሚገባበት አይመስልም። ፈረሰኞቹ ሲገቡ ባርኔጣቸውን አንስተው ለንጉሡ ሥዕል ሰላምታ ይሰጣሉ።

ፈረሶቹ ሊፒዛነር ይባላሉ፤ ስማቸው ዛሬ ስሎቬኒያ ውስጥ ካለችው ከሊፒካ የተወሰደ ነው። ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ ይነጣሉ። ድንጉላዎቹ ወደ ቪየና የሚመጡት በ4 ዓመታቸው ገደማ ሲሆን፣ ትምህርታቸውን ለመጨረስ ሌላ 6 ዓመት ያህል ይፈጃል። ማንም አያስቸኩላቸውም። ለእያንዳንዱ ፈረስ እንደ ጠባዩና እንደ አቅሙ ነው የሚሠራለት፤ ዘሎ አየር ላይ የሚራገጠው ሁሉም አይደለም፣ ለዚያ የተሰጠው ብቻ ነው። ፈረሰኛውም ሲጀምር ለወራት ያለ እርካብና ያለ ዛብ ይቀመጣል። በጣም የገረመኝ ይህ ነው፦ አዲሱን ተማሪ የሚያስተምረው ያረጀው ፈረስ ነው፤ አዲሱን ፈረስ የሚያስተምረው ደግሞ የበሰለው ፈረሰኛ ነው። (ሴቶች ለዚህ ሥልጠና የተፈቀደላቸው በ2008 ነው፤ እኅቶች ሆይ፣ ከ400 ዓመት በላይ ተጠብቋል ማለት ነው።) በጠዋቱ ልምምድ ጩኸት አልሰማሁም። ፈረሱ ጥሩ ሲሠራ ፈረሰኛው እጁን ወደ ኮቱ ጅራት ይልክና ከዚያ ከተሰፋው ኪስ ስኳር አውጥቶ ያጎርሰዋል።

እኔ ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በጋሪ ስለነበረ የማውቀው ፈረስ ጀርባው የቆሰለ፣ አለንጋ ከጆሮው የማይለይ ፈረስ ነው። ባለጋሪውም ድሀ ነበር፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ፈረስን ማክበር ከእኛ የራቀ አይደለም። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በፈረስ ስማቸው አይደለምን? የምሳሌ መጽሐፍም በምዕራፍ 12 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይነግረናል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በማቴዎስ 5 ላይ የተራራው ስብከት «የዋሆች» የሚላቸው በግሪክኛው «ፕራኤይስ» ናቸው። የሶቅራጥስ ተማሪ የነበረው ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ውርንጭላው ለገሪው ከመሰጠቱ በፊት ሰው የሚወድና ረጋ ያለ መሆን አለበት ሲል የተጠቀመበት ቃል ያው ቃል ነው። እኔ የዋህ ሲባል ደካማ፣ የማይናገር ሰው ይመስለኝ ነበር። እነዚያ ድንጉላዎች ግን ደካሞች አይደሉም! ክሴኖፎን በግድ የተሠራ ሥራ ውበት እንደሌለው ያኔ ጽፏል፤ ከ2000 ዓመት በኋላ በ1733 ፈረንሳዊው ላ ጌሪኒየር ያሳተመው መጽሐፍም እስከ ዛሬ የቪየናው ትምህርት ቤት መሠረት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የእኅታችን ልጅ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ በረት ፈረስ ትማራለችና አብረን ሄድን። አስተማሪዋ ሽበት ያወጡ ሴት ናቸው፤ በዚሁ በጥንቱ ዘዴ አንድ ሰው ከአንድ ፈረስ ጋር ብቻ ያስተምራሉ። ዝም ብዬ ስመለከት አይተው «አንቺስ?» አሉኝ። ቀሚስ ለብሼ ስለነበር ልጅቱ ሱሪ አዋሰችኝ። የመጋቢ ሚስት በሱሪ ፈረስ ላይ! ፎቶው አገር ቤት እንዳይደርስ አጥብቄ አስጠነቀቅሁ።

መጀመሪያ አልወጣሁም። ከባዝራዋ ትከሻ አጠገብ ቆሜ እጄን ዘርግቼ እንድታሸተኝ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ከዚያም ጀርባዋን ቦረሽኩ። ከወጣሁ በኋላ አስተማሪዋ በረጅም ገመድ ይዘው በክብ አስዞሩን። እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው። ትንፋሼን ስይዝ ባዝራዋ ትቆማለች፤ ስተነፍስ ትሄዳለች። ዛቡን ሲሰጡኝ ግን ነገር ተበላሸ። ሶምሶማ ስትጀምር ፈርቼ በኃይል ጎተትኩ፤ እርሷም ራሷን ወደ ላይ ወርውራ ጭራሽ ፈጠነች። እኅታችን ከጀርመንኛ እየተረጎመችልኝ አስተማሪዋ በቀስታ እንዲህ አሉ፦ «ጎተትሻት፣ እርሷም ጎተተችሽ። ዛቡን ላላ አድርጊው። ተንፍሺ። ከዚያ ጠይቂያት።» እንዳሉት አደረግሁ፤ ቆመች። «አሁን አመስግኛት» አሉኝ። አንገቷን ስዳስስ እንባዬ መጣ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ልጃችን 11ኛ ክፍል ስትገባ ማኅበራዊ ሳይንስ መማር ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ሐኪም እንድትሆን ስለምመኝ፣ ደግሞም ሰው «የመጋቢው ልጅ» ሲል የሚያወራው ስለሚያሳስበኝ፣ ሳልነግራት ትምህርት ቤት ሄጄ ተፈጥሮ ሳይንስ አስመዘገብኳት። ባለቤቴ «ቆይ እንጸልይበት» ሲለኝ ጸልዬበታለሁ አልኩት። አልጸለይኩም ነበር። በመዝሙር 32 እግዚአብሔር ሕዝቡን በዓይኑ እያየ ሊመራ እንደሚወድ፣ በልጓም እንደሚገታ ፈረስም እንዳንሆንበት ይነግረናል። ስንት ጊዜ በዚህ ክፍል ለሴቶች ኅብረት አስተምሬአለሁ! ልጄን ግን በልጓም ብቻ ነበር የያዝኳት።

ማታ ደወልኩ። አስቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከዚያ «ለምን እንደፈለግሽው ንገሪኝ፤ አላቋርጥሽም» አልኳት። ዝም አለች። እንደ ልማዴ ዝምታውን በምክር ልሞላው ነበር፤ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ቆይታ ቆይታ ጀመረች። ስለ ታሪክ አስተማሪዋ፣ ሕግ መማር ስለ መፈለጓ፣ ደም ማየት ስለማትችል፣ ይህንንም ልትነግረኝ ሁለት ጊዜ ሞክራ እንዳልሰማኋት። ባለቤቴ ለእራት ሲጠራኝ በእጄ «ሂድ» አልኩት። ምዝገባው እስከ ዓርብ ክፍት ነው አለችኝ፤ አባቷ በነጋታው ለትምህርት ቤቱ ደወለ።

ልሰናበታት ስል «እማዬ» አለችኝ፤ «የሰዎቹ ልጅ ፎቶ ልካልኛለች። ያ ሱሪ የማን ነው?»