ለጎረምሳም ይነበባል
አቦምሳ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በጣም የምወደው የክፍለ ጊዜውን መጨረሻ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጮክ ብዬ የማነብበትን። «ጢም ያበቀለ ልጅ ይነበብለታል እንዴ?» ያሉኝ አሉ። እንዴታ! የሐዲስ አለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ፣ ስንትና ስንት ሰው ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የተዋወቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ አይደል? ማንበብ የማይችለው ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን ቤቱ ያስቀመጠውም ያዳምጥ ነበር። ታዲያ አባቶችና እናቶች ሬዲዮ ከበው የሰሙትን፣ ለጎረምሳ ማንበብ ምን ነውር አለው?

ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። ስለዚህ ብቻቸውን ሲያነቡ የሚያደናቅፋቸው ዓረፍተ ነገር በጆሯቸው ሲገባ ይፈታላቸዋል።

በልብ ወለዱ እብድ የሚባለው ጉዱ ካሳ ላይ ስንደርስማ ሌላ ነው! እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ እውነቱን እኮ ነው የተናገረው፤ ለምንድነው እብድ የሚሉት?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቀደመችኝ፤ «እውነት ስለተናገረ ነዋ!» ክርክሩ ደወል ተደውሎም አላባራም፤ ደብተራቸውን እንደያዙ፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ እየተሟገቱ ወጡ።