ስለ ድፎ ዳቦና ስለ እርሾው

እንጀራ የዘወትር ምግባችን ነው፤ ድፎ ዳቦ ግን የበዓልና የእንግዳ ነው። ዳቦው በተቆረሰ ጊዜ ሁሉም ጋጋሪዋን ያመሰግናል እንጂ እርሾው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ እርሾው ለመናገር አስበናል፤ የእርሾ ነገር የጉርብትና ነገር ነውና።

ቀድሞ ከሾላ ገበያ አንሥቶ እስከ ገርጂና ቦሌ ባለው ሰፈር፣ ዳቦ የምትጋግር እመቤት ጠላ ወደ ተጠመቀበት ቤት ልጅ ልካ አንድ ጣሳ አተላ ታስመጣ ነበር። ጠላ ከብቅል፣ ከጌሾና ከእህል ተጠንስሶ ስለሚፈላ በአተላው ውስጥ ሕያው እርሾ አለ። ሊጡ በጥቁር አዝሙድና በድንብላል ተለውሶ ያድራል፤ በማግሥቱም በኮባ ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት እየነደደበት ይበስላል። ኮባ የሙዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው የእንሰት ቅጠል ነው፤ እርሱ በጠፋበትም የሙዝ ቅጠል ይተካዋል።

ዛሬ በቦሌ በጠላው ፈንታ ሊጡን በቢራ የሚያቦኩ ብዙዎች ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቢራ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ አብዛኛው የጠርሙስ ቢራ ተጣርቶና በሙቀት ታክሞ ስለሚታሸግ ሕያው እርሾ የለውም። መፍላት የሕያው ነገር ሥራ መሆኑን ያስረዳው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ሲሆን፣ እርሾውን የሚገድለውም የሙቀት ሕክምና በእርሱ ስም መጠራቱ የሚያስገርም ነው። በጀርመን አገር በባቫርያ የሚጠመቀው የስንዴ ቢራ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጣራ ይታሸጋል፤ እርሾውም የበሰለ ሙዝ መዓዛ ይሰጠዋል።

ይህን በዓይናችን ለማየት ብለን አንድ ዓይነት ዱቄት ለሦስት ሳህን ከፈልን። በጠርሙስ ቢራ ብቻ የተለወሰው እስከ ማለዳ ብዙም አልተነሣም። ቢራና የሱቅ እርሾ የተጨመረበት ፈጥኖ ኩፍ አለ። ለሦስተኛው አተላ ልንለምን በገርጂ ጠላ ወደሚጠምቁ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን።

«የማን ድግስ ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁን። ቡና አፍልተው ካጠጡን በኋላም ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገቡ መሆናቸውን ነገሩን። «እዚያ ጋን የት ይቀመጣል? ጭሱስ በየት ይወጣል? እንግዲህ ይህ የመጨረሻ ጥንስሴ ነው» አሉ። የሰጡን አተላ ያቦካው ሊጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆይቶ ተነሣ፤ ዳቦውም ጥቂት ኮምጠጥ ብሎ መዓዛው እስከ ደረጃው ወረደ።

እኛ የሱቁን እርሾ አንነቅፍም፤ ሥራ ለበዛበት ቤት ባለውለታ ነው። ነገር ግን የሱቅ እርሾ «የማን ድግስ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጠላው የሚቀርበት ቀን አንድ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ሰው የሰው በር የሚያንኳኳበት አንድ ምክንያት አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ከዚያ ሊጥ አንድ እፍኝ አስቀረን። በየጊዜው ዱቄትና ውኃ ከተጨመረለት በሕይወት ይቆያል፤ ጋንም ጭስም አይሻም። እናታችን ወደ አዲሱ ቤታቸው በገቡ ጊዜ ከእርሱ አንድ ኩባያ ይዘንላቸው ወጣን። አንባቢም የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት ቢያጣ፣ ይህንኑ ምክንያት እናበድረዋለን።